ሰርግ በሌለበት ወቅት፦ በወረርሽኝ ጊዜ የኪነ ጥበብ ባለሙያው የገንዘብ ድጋፍ ከየት ያገኛል?

ለአርሶ አደሩ ክረምት ምን እንደኾነ ለአዝማሪም የጥር ወርና የፋሲካ ማግስት እንዲሁ ናቸው። የዓመቱ ቀለብ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ደብተር የሚሸፈነው በእነዚህ ሳምንታት በሚገኝ ገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም ግን የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን ታወጀ፤ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በመከልከሉ የሰርጉ ወቅት ሙሉ በሙሉ በክልከላው ሥር አለፈ። አዝማሪው፣ የሰርግ ዘፋኙና ዋሽንት ነፊው፣ እንዲሁም ለጎብኝዎች የሚሸጡ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች በአንድ ጊዜ ገበያ አጡ።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ጊዜ ሊገኙ የሚችሉ የድጋፍ ምንጮችን፣ የሚያጋጥሙ እንቅፋቶችንና ከወዲሁ ሊደረግ የሚገባውን ዝግጅት ያብራራል።

ጉዳቱ የሚበረታው በማን ላይ ነው?

የኪነ ጥበብ ሰው ሁሉ እኩል አይጎዳም። በመንግሥት ቴአትር ቤትና በባህል ቡድን የተቀጠረ ባለሙያ መድረክ ቢዘጋም ደመወዝ አለው። በውል የተቀጠረ ሠራተኛንም የ2012ቱ ደንብ አሠሪው በቀላሉ እንዳያሰናብተው ከልክሎ ነበር። የአዝማሪው ውል ግን የቃል ነው፤ ደመወዙም ግንባሩ ላይ የሚለጠፍ ሽልማት ነው። ስለዚህ ያጣው ገቢ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም። እርሱን በቀጥታ የጠቀመው የደንቡ ክፍል፣ አከራዮች ተከራይን ከቤት እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ የከለከለው ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ጀርመን በ2020 እ.ኤ.አ ለባህል ዘርፉ ማገገሚያ 1 ቢሊዮን ዩሮ መደበች። ብሪታንያ በዚያው ዓመት 1 ነጥብ 57 ቢሊዮን ፓውንድ አዘጋጀች፤ አብዛኛው ግን የተሰጠው ለተቋማት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ለስፖርቱና ለኪነ ጥበቡ ዘርፍ 150 ሚሊዮን ራንድ መድባለች። አሜሪካ ደግሞ የሥራ አጥነት ክፍያን በግላቸው ለሚሠሩ ሰዎች ጭምር ከፈተች። በዋሽንግተንና አካባቢው በሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚጫወቱ ድምጻውያንም ሕጋዊ የሥራ ፈቃድና ገቢያቸውን የሚያሳይ የግብር ሰነድ ካላቸው ለማመልከት በሩ ክፍት ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። በችግር ጊዜ ገንዘብ ቶሎ የሚደርሰው ለተመዘገበ፣ የባንክ ሒሳብ ላለውና ሥራውን በማስረጃ ማሳየት ለሚችል ሰው ነው።

በአቅራቢያችን ያሉ ምንጮች

*እድርና እቁብ፦* እድር በልማድ የሚከፍለው ለሐዘን ነው። ኾኖም የሚተዳደረው አባላቱ ባጸደቁት ደንብ ነውና በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ ገቢው ለተቋረጠበት አባል የሚኾን አነስተኛ ብድር ሊጨመርበት ይችላል። የእቁብ ዕጣም በአባላት ስምምነት ለተቸገረው ሊቀድም ይችላል። ይህን መነጋገር የሚገባው ችግሩ ሳይደርስ ነው፤ ሁሉም በተቸገረበት ዕለት ሣጥኑ ባዶ ይኾናል።

*ሴፍቲኔት፦* የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም፣ የከተማው ደግሞ በ2009 ዓ.ም ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሯል። ተጠቃሚ የሚለየው በሙያው ሳይኾን በቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ነው። በመኾኑም የኪነ ጥበብ ባለሙያው በቀበሌው ነዋሪነት መመዝገብና በልየታ ወቅት መገኘት አለበት። ሰርግ ለሰርግ ሲዞር ከቀበሌው የሚርቅ ሰው በዚህ ረገድ ሊዘለል ይችላል።

*ብድር፦* የብድርና ቁጠባ ተቋማት በቡድን ዋስትና ያበድራሉ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ የቤት እንስሳም ቢኾን፣ ለብድር መያዣ እንዲኾን መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ ብድር ዕዳ እንጂ ድጋፍ አይደለም። ሸማኔ ድርና ማግ ገዝቶ ሠርቶ ለሚሸጠው ጨርቅ ቢበደር ያዋጣው ይኾናል፤ ገበያው መቼ እንደሚከፈት ሳይታወቅ ለቀለብ መበደር ግን ከወረርሽኙ በኋላ የሚቀጥል ሸክም ነው።

*የቅጂ መብት፦* በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 መሠረት የራሱን ግጥምና ዜማ የደረሰ ሰው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት የኢኮኖሚ መብቱ ይጠበቃል። ጥንታዊው ዜማ የጋራ ሀብት ነው፤ ባለሙያው በራሱ የፈጠረውና የተቀረጸው ሥራ ግን የግሉ ነው። መድረክ በተዘጋበት ወቅት ሥራው በሬዲዮና በበይነ መረብ መሰማቱን ይቀጥላልና ይህ መብት ከቤት ሳይወጡ የሚገኝ ገቢ ሊኾን ይችላል።

*ዓለም አቀፍ ምንጭ፦* የዩኔስኮ የባህል ብዝኀነት ፈንድ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይሰጣል። ግለሰብ ማመልከት አይችልም፤ የሚያመለክቱት የመንግሥት ተቋማትና መንግሥታዊ ያልኾኑ ድርጅቶች ናቸው። የባለሙያዎች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው።

ከወዲሁ የሚዘጋጅ

• የታደሰ መታወቂያና በራስ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፤

• የተሠራበት ቀን፣ ቦታ፣ የጋባዡ ስምና የተገኘው ገንዘብ የሚጻፍበት ደብተር (ባለሙያው መጻፍ ባይችል የተማረ ልጁ ሊጽፍለት ይችላል)፤

• ለእያንዳንዱ ሰርግ ወይም ግብዣ ከደጋሹ ጋር የሚፈረም አጭር የስምምነት ወረቀት፤

• የራስ ሥራዎች የተቀረጹበት ቅጂ፣ ከተሠሩበት ቀን ጋር፤

• የሙያ ማኅበር አባልነት፣ ማኅበር ከሌለም ከሙያ አጋሮች ጋር ለመመሥረት የተያዘ ቃለ ጉባኤ።

የመጨረሻው ጥንቃቄ

በድርቅ ዓመት የግብርና ባለሙያዎች አርሶ አደሩን አጥብቀው የሚመክሩት ዘሩን እንዳይበላና የእርሻ በሬውን እንዳይሸጥ ነው። ያን ያደረገ ሰው ዝናብ ቢመጣም አያርስም። ማሲንቆ፣ ክራርና የሸማ ዕቃም ለባለቤቶቻቸው በሬና ዘር ናቸው። የቅርብ ቤተሰብ፣ እድርም ኾነ የቀበሌ አስተዳደር የተቸገረን ባለሙያ ሲረዳ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው መሣሪያው በእጁ መኖሩን ነው። በመያዣ የተያዘ ማሲንቆን ማስለቀቅ አንዳንዴ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል፤ ጤፉ ያልቃል፣ ማሲንቆው ግን ሰርግ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።