ከዋሂኔ መርከብ ወደ የብስ ያልደረሰው ወሬ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኖ ተቀጥሯል። «ቲቸር፣ አለቃዬ የመጀመሪያ ሥራህ ሕዝቡን አለማስደንገጥ ነው አለኝ። ልክ ነው እንዴ?» አለኝ። በስልክ ሳልጨርሰው የቀረውን መልስ እዚህ ልጻፈው።

ታሪኩ የኒውዚላንድ ነው። ዋሂኔ የምትባል ሰውና መኪና የምታመላልስ ፌሪ ሚያዝያ 1 ቀን 1960 ዓ.ም. ማታ ከሊትልተን ተነስታ ወደ ዋና ከተማው ዌሊንግተን ጉዞ ጀመረች። 734 ሰው ተሳፍሯል። ሲነጋ ጂዜል የተባለው ሳይክሎን ከደቡብ ከመጣ ሌላ ማዕበል ጋር ዌሊንግተን ላይ ገጠመ። ከጠዋቱ 12:40 ላይ መርከቧ በወደቡ መግቢያ ካለው የባሬት አለት ጋር ተላተመች።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። መርከቧ ወዲያው አልሰጠመችም። መልሕቋን እየጎተተች ወደ ወደቡ ውስጥ ትገፋ ነበር። መንገደኞቹ የሕይወት ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል፤ የሚያሰጋ ነገር የለም ተብለዋል። ውሃ ግን መኪኖቹ የቆሙበት ወለል ላይ ገብቷል። ይሄ ወለል ክፍልፋይ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ነው። ትሪ ላይ ውሃ አፍስሳችሁ ትንሽ ዘንበል አድርጉት፤ ውሃው በአንዴ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል አይደል? ፌሪ የሚገለበጠው እንደዚያ ነው። እና ይሄ ወሬ የብስ ላይ ላሉት አልተነገረም። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ፍርድ ቤት ካፒቴን ሄክተር ሮበርትሰንን ከወቀሰባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነው። (ሁኔታው እጅግ ከባድ እንደነበር አጣሪዎቹም አልካዱም። እኔም ሶፋ ላይ ተቀምጬ ልፈርድበት አልፈልግም።)

እስቲ አስቡት፤ መግለጫ የሚሰጠው ሰው ያለው የብስ ላይ ነው። ጋዜጠኛም የተሳፋሪ ቤተሰብም የሚጠይቀው እሱን ነው፤ እሱ የሚያውቀው ደግሞ ከመርከቧ የተነገረውን ብቻ ነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ መርከቧ በድንገት አጋደለች፤ ውጡ ተባለ። ትእዛዙም በመርከበኛ ቋንቋ ሆነ፤ «በስታርቦርድ በኩል!»። የመርከቧ ቀኝ ጎን ማለት ነው፤ ግን ስንቱ መንገደኛ ያውቀዋል? በተሳሳተው ጎን የወጡ ነበሩ። በማጋደሏ ምክንያት ከስምንቱ ጀልባዎች የወረዱት አራቱ ብቻ ናቸው። የሲቱን ሰፈር እዚያው አጠገብ ነው፤ ማዕበሉ ግን ብዙዎችን ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ኢስትቦርን ዳርቻ ነዳቸው። ዳርቻው አለት ነው፤ መንገዱን ደግሞ ናዳ ዘግቶታል። በዕለቱ ከሞቱት 51 ሰዎች አብዛኞቹ ያለቁት በዚያ በኩል ነው። የውሃው ነገር ጠዋቱን ቢነገር ኖሮ ምናልባት ብርድ ልብስ ይዞ እዚያ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ይኖር ነበር።

ሚያዝያ 8 ቀን 2006 ዓ.ም. የደቡብ ኮሪያዋ ፌሪ ሴዎል ስትሰጥም (ያን ቀን ማዕበል እንኳ አልነበረም) ቴሌቪዥኖች ተማሪዎቹ በሙሉ ተረፉ ብለው አወጁ። 304 ሰው ሞተ፤ 250ዎቹ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ያንን ዜና ሰምተው ነበር። አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ይሄኛውን ክፍል ውስጥ አንስቼው አላውቅም።

ለልጁ በስልክ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማይክ ሲሰጡህ መጀመሪያ አለቃህን መኪናው ወለል ላይ ውሃ አለ ወይ ብለህ ጠይቀው።»

«የምን መኪና፣ ቲቸር?» አለኝ። ካርዴም አለቀ።