የአየር ማርጠቢያ (ሂዩሚዲፋየር)

ደረቅ የቤት ውስጥ አየር ላይ እርጥበት የሚጨምር መሣሪያ። በበረዶ ወራት ማሞቂያ ቀን ከሌት በሚሠራባቸው አገሮች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኒሶታ ጭምር፣ የተለመደ የቤት ዕቃ ነው።

አልትራሶኒክ የሚባለው ዓይነት ውኃ አያፈላም፤ ከገንዳው ሥር ያለች ሳንቲም የምታክል ሴራሚክ በሴኮንድ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እየተንቀጠቀጠች ውኃውን ጉም ታደርገዋለች። ጉሙ ሲሳሳ ብዙ ሰው መሣሪያው የተቃጠለ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናውቀው ነጭ ቅርፊት ነው፤ የቧንቧ ውኃ ማዕድን ሴራሚኳን ሸፍኗታል። ከሶኬት ነቅሎ፣ ነጭ አቼቶ አፍስሶ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ በጥጥ ጠርጎ በደንብ ማለቅለቅ ነው። በቢላ መፋቅ ያበላሻታል። አቼቶና በረኪና ከተቀላቀሉ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ ሁለቱን ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም።

ውኃው በየቀኑ ይለወጣል፣ ገንዳው በየ3 ቀኑ ይታጠባል፤ ባደረ ውኃ የተራባ ባክቴሪያ ከጉሙ ጋር ወደ ሳንባ ይገባልና። ማዕድኑ የወጣለት ዲስቲልድ ውኃ ከጉሙ ጋር ወጥቶ ዕቃ ላይ የሚያርፈውን ነጭ አቧራ በእጅጉ ይቀንሳል። የቤቱ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ መስኮቱ ላይ ጤዛ ከቋጠረ መሣሪያውን ማጥፋት ነው።