ስለ አየርና ስለ ውኃ የተሟገቱት ጠበቃ፤ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዲሴምበር 4 ቀን 1985 በህንድ ዋና ከተማ በዴልሂ፣ ሕዝብ ተጨናንቆ በሚኖርበት ሰፈር መሃል ከተተከለ ፋብሪካ ኦሊየም የተባለ የአሲድ ጋዝ አፈትልኮ ወጣ። የፋብሪካው ባለቤት ሽሪራም የምግብና የማዳበሪያ ድርጅት ነበር። ከተማው ተሸበረ። ለመሸበርም በቂ ምክንያት ነበረው። ልክ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ከዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ 1984፣ ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ የወጣ መርዛማ ጋዝ በቦፓል ከተማ ሺዎችን በተኙበት ጨርሷል። የዴልሂ ሰው ያን ሌሊት ገና አልረሳውም።

ጋዙ ሲያፈተልክ ግን ጉዳዩ ቀድሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ይህ ፋብሪካ ከሰው መኖሪያ መሃል ይውጣ የሚል አቤቱታ ቀርቦ ችሎት እየጠበቀ ነበር። አቤቱታውን ያቀረቡት ጠበቃ ኤም. ሲ. መህታ ይባላሉ። በ1946 በጃሙና ካሽሚር ግዛት ራጆሪ አካባቢ የተወለዱ፣ በጃሙ ሕግ ተምረው ወደ ዴልሂ የመጡ፣ በወቅቱ ብዙም ስም ያልነበራቸው ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አርባ ዓመታት የህንድ የአካባቢ ሕግና የዴልሂ ከተማ ፕላን ታሪክ ከእኚህ ሰው መዝገቦች ተነጥሎ ሊነገር አልቻለም። የሕግ ተማሪዎች «መህታ በህንድ መንግሥት ላይ» የሚል ርእስ ያላቸውን ብይኖች እያነበቡ ነው የሚያድጉት። ርእሱ አንድ፣ ጉዳዩ ግን ብዙ ስለሆነ ብይኖቹን የሚለዩት «የጋዙ»፣ «የጋንጀሱ»፣ «የታጅ ማሃሉ» እያሉ ነው።

አንድ ግለሰብ ፋብሪካው ያላቃጠለውን፣ መሬቱ ያልተነካበትን፣ በራሱ ላይ የደረሰ ጉዳት ሳይኖር እንዴት ከሳሽ ሊሆን ቻለ? ህንድ ከእንግሊዝ በወረሰችው ሕግ ይህ አይቻልም ነበር። ፍርድ ቤት የሚገባው የተጎዳው ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዳኛ ፒ. ኤን. ባግዋቲን የመሳሰሉ ዳኞች ይህን በር ከፈቱት። ድሃውና ያልተማረው ሕዝብ ራሱ መጥቶ ሊከስ ስለማይችል፣ ስለ እሱ በቅን ልቦና የሚሟገት ማንኛውም ዜጋ ይቅረብ አሉ። በፖስታ የመጣ ደብዳቤ እንኳ እንደ አቤቱታ የተቆጠረበት ጊዜ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተጻፈውን «የመኖር መብት» ደግሞ ንጹሕ አየርና ንጹሕ ውኃ ከሌለ መኖር የለም ብለው አሰፉት። መህታ በዚህ በር ከገቡት ሁሉ ዋነኛው ሆኑ።

የሽሪራም ጉዳይ ሁለት ውሳኔ ወለደ። የመጀመሪያው በፌብሩዋሪ 1986 የተሰጠ ነው። ፋብሪካው ይዘጋ ወይስ ይከፈት? ዳኞቹ ከተዘጋ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሠራተኞች እንጀራቸውን እንደሚያጡ ቆጠሩ። ስለዚህ ጥብቅ የደኅንነት ግዴታ ጥለው፣ ለተጎጂዎች ካሳ መያዣ የሚሆን ገንዘብ አስይዘው በጊዜያዊነት እንዲከፈት ፈቀዱ። ይህችን ቁጥር ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለተኛው በዲሴምበር 20 ቀን 1986 የተሰጠው ታላቁ ብይን ነው። እስከዚያ ቀን የህንድ ፍርድ ቤቶች የሚጠቀሙት በ1868 እንግሊዝ ውስጥ የተፈረደ ሕግ ነበር። አንድ የወፍጮ ባለቤት ያስገደበው ውኃ ጥሶ የጎረቤቱን የከሰል ማዕድን ስላጥለቀለቀ፣ አደገኛ ነገር በመሬቱ ያከማቸ ሰው ቢያመልጠው ኃላፊ ነው ተባለ። ሆኖም «የእግዚአብሔር ሥራ ነው»፣ «ሌላ ሰው ነው ያደረገው» የሚሉ ማምለጫዎች ነበሩት። የህንድ ዳኞች ይህ ሕግ የኬሚካል ፋብሪካ ባልነበረበት ዘመን የተሠራ ነው አሉና ማምለጫዎቹን በሙሉ ዘጉ። አደገኛ ሥራ የሚሠራ ድርጅት አደጋ ካደረሰ ያለ ምንም ሰበብ ይከፍላል፤ ድርጅቱ በሀብቱ በገዘፈ መጠን ካሳውም ይገዝፋል ሲሉ ወሰኑ።

ሆኖም በዚያው ብይን መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ለተጎጂዎቹ አንድ ሩፒ ካሳ አልቆረጠም። ካሳ የሚጠይቅ ሁሉ በነፃ የሕግ ድጋፍ ቦርድ አማካይነት በሌላ ፍርድ ቤት ክስ ይመሥርት ተባለ። መርሁ ዓለም የሚጠቅሰው ሆነ፤ ተጎጂው ግን ሌላ ወረፋ ያዘ። ይህ ነገር በመህታ መዝገቦች ውስጥ ደጋግሞ ይታያል።

ቀጥሎ የጋንጀስ ወንዝ ጉዳይ መጣ። ሂንዱዎች እናት የሚሉት ወንዝ በመንገዱ ላይ የሚያገኘው የከተማ ፍሳሽና የፋብሪካ ኬሚካል ነበር። በካንፑር ከተማ ጃጅማኡ በተባለው ሰፈር የሰፈሩት ቆዳ ፋብሪካዎች የቆዳ ማልፊያ ኬሚካላቸውን ያለ ማጣሪያ ይለቁበታል። መህታ በ1985 ከሰሱ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1987 ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ ያልተከለ ቆዳ ፋብሪካ ሥራ ያቁም ሲል አዘዘ። ማጣሪያ ለመትከል አቅም የለንም ለሚሉት የሰጠው ምክንያት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ለሠራተኛው ዝቅተኛውን ደመወዝ መክፈል የማይችል ፋብሪካ ሊኖር እንደማይገባ ሁሉ፣ ፍሳሹን ማጣራት የማይችልም ሊኖር አይገባም። መዘጋቱ ሥራ አጥነት እንደሚያመጣ ዳኞቹ አልካዱም። የሕዝብ ሕይወትና ጤና ይበልጣል አሉ እንጂ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ተራው የካንፑር ማዘጋጃ ቤት ሆነ፤ የከተማውን ፍሳሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። የመህታ ጉዳዮች ከመብዛታቸው የተነሳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዓርብ ዓርብ ለእሳቸው መዝገቦች ብቻ ችሎት የሚይዝበት ጊዜ መጣ።

የታጅ ማሃል ክስ ከሁሉም ቀደም ብሎ በ1984 የተጀመረ ሲሆን እልባት ያገኘው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በአግራ ዙሪያ ያሉ ብረት ማቅለጫዎችና የመስታወት ምድጃዎች የሚያነዱት ከሰል፣ በአቅራቢያው ካለው የማቱራ ነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ጋር ተዳምሮ ነጩን እብነ በረድ ያበላሽ ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን 1996 ፍርድ ቤቱ 292 ፋብሪካዎች ከሰሉን ትተው ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ፣ ያልቻሉት ከአካባቢው እንዲነሱ ወሰነ። በዚህ ብይን ሠራተኞቹ አልተረሱም፤ ፋብሪካቸው ሲዛወር የሥራ ዘመናቸው ሳይቋረጥ አብረው እንዲሄዱ፣ ለመዛወሪያም የአንድ ዓመት ደመወዝ እንዲከፈላቸው ታዘዘ።

በዚያው በ1996 መህታ የዓለም የአካባቢ ተሟጋቾች የሚሸለሙትን የጎልድማን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተከተለ። ዝናቸው ጫፍ በደረሰበት በዚህ ወቅት ግን ክርክራቸው ከወንዝና ከሐውልት አልፎ ወደ ከተማው ወደ ራሱ ገብቶ ነበር።

ዴልሂ ማስተር ፕላን አላት። ፕላኑ አደገኛ ፋብሪካዎች በከተማው ውስጥ አይኑሩ ይላል። ለዓመታት ግን ማንም አላስፈጸመውም፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። መህታ ፕላኑን ይዘው ችሎት ቀረቡ። ጁላይ 8 ቀን 1996 ፍርድ ቤቱ 168 አደገኛ ፋብሪካዎች እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ ዴልሂን እንዲለቁ አዘዘ። ከትልልቆቹ ይዞታዎች ከግማሽ በላዩ ለሕዝብ አረንጓዴ ቦታ እንዲሰጥ፣ ቀሪውን ባለቤቱ እንዲያለማ ተወሰነ። ለሠራተኛውም ካሳ ተጻፈለት።

ችግሩ ካሳው የሚከፈለው በፋብሪካው መዝገብ ስሙ ለሰፈረ ሠራተኛ መሆኑ ነበር። ብዙው ሠራተኛ ደግሞ በቀን ሥራ ወይም በደላላ የገባ፣ ስሙ የትም ያልተጻፈ ነው። አሠሪው «አላውቀውም» ካለ ነገሩ አበቃ። አንዳንዱ ፋብሪካ ከመዛወር ይልቅ መዘጋትን መረጠ፤ መሃል ከተማ ያለ መሬት ከምርቱ የበለጠ ዋጋ ነበረውና። ስለዚህ ባለ ፋብሪካው መሬቱ ቀረለት፣ ከተማውም አየር አገኘ። ሠራተኛው በችሎቱ ተከራካሪ አልነበረም፤ ውሳኔውን የሰማው በር ሲዘጋበት ነው። በ2000 በመኖሪያ ሰፈር ያሉ አነስተኛ ፋብሪካዎች ይዘጉ በተባለ ጊዜ ሠራተኞችና ባለቤቶች አደባባይ ወጡ። ሁከት ተነሳ፣ ሕይወትም ጠፋ። ፍርድ ቤቱ ግን ከትእዛዙ አልተመለሰም። በ1986 አራት ሺህ ሠራተኞችን ቆጥሮ እጁን የሰበሰበው ችሎት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ቆጠራውን ለአሠሪው መዝገብ ትቶት ነበር።

ይህ ማለት የመህታ ሙግት ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። የአውቶቡሶቹን ነገር የሚያስታውስ ይህን አይልም። ጁላይ 28 ቀን 1998 ፍርድ ቤቱ የዴልሂ አውቶቡሶች በሙሉ እስከ ማርች 2001 ከናፍጣ ወደ ተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲለወጡ አዘዘ። ባለ ሥልጣናቱ አጓተቱ። ቀኑ ደርሶ አውቶቡስ ጠፋ፤ ሕዝቡ ፌርማታ ላይ ዋለ፤ ሾፌሮች ጋዝ ለመቅዳት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሰልፍ ያዙ። ኤፕሪል 5 ቀን 2002 የዳኞቹ ትዕግሥት አለቀ። በናፍጣ የሚሄድ እያንዳንዱ አውቶቡስ በቀን 500 ሩፒ፣ ከ30 ቀን በኋላ ደግሞ 1,000 ሩፒ እንዲቀጣ ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማው አውቶቡሶች ጋዝ ነጂ ሆኑ። ከአውቶቡስ ጭራ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ጠፋ። በቢሮ የሚጓተት ነገር በችሎት ሊፈጸም እንደሚችል የታየበት ታላቅ ምዕራፍ ነው።

የመጨረሻው ትልቅ ምዕራፍ የሱቆች መታሸግ ነው። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2006፣ አሁንም በመህታ መዝገብ፣ ፍርድ ቤቱ ከማስተር ፕላኑ ውጪ በመኖሪያ ቤት የተከፈቱ ሱቆችና ቢሮዎች ይታሸጉ አለ። ማሸጉ በማርች መጨረሻ ተጀመረ። ነጋዴው ገበያ ዘጋ፣ መንገድ ዘጋ፣ ፖለቲከኛውን አፋጠጠ። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ፓርላማው ማሸጉን ለአንድ ዓመት የሚያግድ ልዩ ሕግ አወጣ። ፍርድ ቤቱ አልበረደም፤ ማሸጉ በዚያው ዓመት እንደገና አገረሸ፣ በሴፕቴምበርም በተቃውሞ መሃል ሰዎች ሞቱ። ያ የአንድ ዓመት እፎይታ ግን በየጊዜው በአዳዲስ ሕጎች እየተራዘመ ዓመታትን ተሻግሯል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይገባል። ጠበቃው አንድ ነው፣ ፍርድ ቤቱ አንድ ነው፣ ማስተር ፕላኑ አንድ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው በ1996 ሥራውን ሲያጣ ፓርላማ አልተሰበሰበለትም። ነጋዴው በ2006 ሱቁ ሲታሸግ ግን በሁለት ወር ሕግ ወጣለት። ገበያ መዝጋት የቻለ ሕጉን አስቆመ፤ ያልቻለ ሕጉ ተፈጸመበት። ይህን የጠበቃው ጥፋት ማለት አይቻልም። መህታ የሠሩት ተኝቶ የነበረውን ሕግ መቀስቀስ ነው። ሕጉ ሲነቃ በማን ላይ እንደሚበረታ የሚወስነው ግን ችሎቱ ብቻ አልነበረም፤ ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ውጪ ያለው የአቅም ልዩነትም ነበር።

ዴልሂስ ዛሬ? አውቶቡሶቹ ጸዱ፤ የግል መኪናው ግን ተባዛ፣ ግንባታው ሰፋ፣ በአጎራባች ግዛቶች ገበሬው ገለባ ማቃጠሉን አልተወም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከተማዋ በጭጋግ ትሸፈናለች። በኖቬምበር 2024 አየሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሳ ትምህርት ቤቶች በአካል ማስተማር አቁመዋል፣ ግንባታም ታግዷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳው ይጥበቅ ሲል ያዘዘው መህታ በ1985 ባስከፈቱት መዝገብ ላይ ነበር። ያኔ መዝገቡ ከተከፈተ 39 ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚያ ኖቬምበር ዳኞቹ ከሰጧቸው ትእዛዞች አንዱ ግንባታ በመታገዱ ሥራ የፈቱ የቀን ሠራተኞች መተዳደሪያ እንዲከፈላቸው የሚል ነው። ገንዘቡ የሚደርሰው ግን በመንግሥት መዝገብ ስሙ ለሰፈረ ሠራተኛ ነው።