ሰኔና ሰኞ በጉና ዙሪያ

መከራ የተደራረበበትን ሰው «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» እንላለን። ሰኔ 1 ሰኞ ከዋለ ዓመቱ ይከፋል የሚለው ፍርሃት የቆየ ነው። ሰኔ ጎተራ የሚጎድልበት፣ የእርሻ በሬ የሚደክምበት ወር ነውና ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም።

ግጥጥሙ ግን በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ አስቀድሞ ይታወቃል። ዓመተ ምሕረቱ ከ5500 ጋር ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢቀር ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ነው። ድምሩና ድርሻው ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ ደግሞ ቀሪው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ይነግራል። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ከዋለ ሰኔ ሰኞ ይገባል፤ 2007፣ 2012 እና 2018 እንዲህ ናቸው።

ምልክቱን በዝናብ እንፈትነው። በ2007 ኤልኒኖ ክረምቱን አዛብቶ፣ በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። በ2012 ያው ሰኞ ገባ፤ ዝናቡ ግን በዝቶ አዋሽ ሞላ፣ ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚወርዱበት የፎገራ ሜዳም በውሃ ተጥለቀለቀ። ምልክቱ አንድ፣ ክረምቱ ግን ለየቅል ነበር።

ወንጌላውያኑን እየቆጠሩ ዓመቱን ጥጋብ ወይም ረሀብ ማለትም የቆየ ልማድ ነው። ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀው ክፉ ቀን ግን በዮሐንስ ጀምሮ ማቴዎስን፣ ማርቆስንና ሉቃስን አዳርሶ እንደገና ዮሐንስ ላይ ደረሰ። አገር የፈጀው ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች የተዛመተው የከብት እልቂት፣ ድርቁና አንበጣው ነበር። 

በጉና ዙሪያ ያለችው ጋይንት የሊቃውንት አገር ናት፤ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት ይታወቃሉ። በዚህ አገር በዓልና ጾም በቀመር ሳይዛነፍ ይወጣል። ዝናቡ ግን ለአንድ ቀመር አይገዛም። ጫፉ ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ በደጋው ገብስና ድንች ሲያበቅል፣ የስማዳ ቆላ ወደ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ የእስቴ ወይናደጋም የራሱ ጠባይ አለው። ቀን መቁጠሪያው ለሦስቱም አንድ ነው፤ ደመናው ግን እኩል አያድላቸውም።

ስለዚህ የባሕረ ሐሳብ ክብር ከትንቢቱ ጋር አይወድቅም። ሰኔ መቼ እንደሚገባ ከብዙ ዓመት በፊት ይነግረናል፤ ምን ያህል እንደሚዘንብ ግን ሰኞን ሳይሆን የሜትሮሎጂን የክረምት ትንበያና የራስን ማሳ መጠየቅ ይሻላል።