«ቤት ነው የምውለው»፦ ነፍሰ ጡሮች ስለ ሥራቸው የሚሰጡት ቃልና የመለኪያው ታሪክ

ነፍሰ ጡር እናት ለምርመራ ስትቀርብ ከምትጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የዕለት ሥራዋ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም እንደዚሁ። በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ዙሪያ ቀበሌዎች የመጣች ባለትዳር «ምን ሥራ አለኝ፤ ቤት ነው የምውለው» ብላ ብትመልስ የሚያስደንቅ አይሆንም። ቃሏን የተቀበለው ባለሙያም በመዝገቡ ላይ «ቀላል ሥራ» ብሎ ያሰፍራል። ይሁን እንጂ ያቺው እናት ገና ሳይነጋ ከምንጭ ውኃ የቀዳች፣ ማገዶ ለቅማ በጀርባዋ ያመጣች፣ እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ያደረሰች፣ እንጀራ የጋገረችና በረት የጠረገች ልትሆን ትችላለች። በቃሏና በውሎዋ መካከል ያለው ይህ ርቀት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት፣ የመለኪያውን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል።

የአካል እንቅስቃሴን ከጤና ጋር አያይዞ የሚመረምረው ዘመናዊ ጥናት ሲወሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት የለንደን አውቶቡሶች ናቸው። ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ተቀምጠው የሚውሉትን ሹፌሮች ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ጋር አነጻጸሩ። በቲኬት ቆራጮቹ ላይ የታየው የልብ ሕመም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ንጽጽሩ ሠራተኞቹ ስለ ራሳቸው በሰጡት ቃል ላይ ያልቆመ መሆኑ ነው። የሥራ መደባቸው ራሱ ምስክር ነበረ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በበለጸጉት አገሮች የጉልበት ሥራ በማሽን እየተተካ ሲሄድ፣ የብዙ ተመራማሪዎች ዓይን ከሥራ ሰዓት ወደ ዕረፍት ሰዓት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የሚኒሶታ መጠይቅ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ሙሉ ስሙ እንደሚያመለክተው የሚመረምረው በትርፍ ጊዜ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ነው። ሥራና ትርፍ ጊዜ ተለይተው በማይታወቁበት የገበሬ ቤት ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚይዘው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

በዚሁ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው ጥናት የያዘው አቅጣጫ የተለየ ነበር። መሐሪ ገብረ መድኅንና አልማዝ ጎበዜ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት፣ ኑሮ የተመቻቸውና ያልተመቻቸው እናቶች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት የሚመገቡትን ምግብ ከሕፃናቱ የልደት ክብደት ጋር አገናዘቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ንቢያት ታፈሪ፣ ሪቻርድ ናይና አልማዝ ጎበዜ ሁለተኛውን ጥያቄ ጨመሩ፤ ይኸውም ምግባቸው ካነሰ እናቶች መካከል በእርግዝናቸው ዘመን ሁሉ ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠሩትና ሥራቸው ቀለል ያለው ይለያዩ እንደ ሆነ ነው። ከባድ ሥራ የሚሠሩት እናቶች በእርግዝና ጊዜ የጨመሩት ክብደት ያነሰ፣ የወለዷቸውም ሕፃናት ክብደት የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የነፍሰ ጡር ሥራ የሕፃኑን ሚዛን የሚነካ ነገር መሆኑ በዚህ አገር ከታወቀ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። «ቀላል ሥራ» ተብሎ በስሕተት የሚጻፍ ቃል የሚያስከትለው ጉዳትም ከዚህ ላይ ይታያል፤ ዕረፍትና ተጨማሪ ምግብ የሚያስፈልጋት እናት ምክሩ ሳይደርሳት ትቀራለች።

መለኪያው ግን እየተሻሻለ መሄዱ አልቀረም። ከባድ ሃይድሮጅንና ከባድ ኦክስጅን ያለበትን ውኃ በማጠጣት ሰውነት ያቃጠለውን ኃይል የማስላት ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለሰው ዋለ። ዘዴው የጠራ ቢሆንም ወጪው ከባድ ነው፤ የሚናገረውም የጠፋውን ኃይል ድምር እንጂ የሥራውን ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ለብዙ ሕዝብ ጥናት መጠይቅ አስፈላጊነቱ ቀጠለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 16 ጥያቄዎች ያሉት ዓለም አቀፍ መጠይቅ በዘጠኝ አገሮች ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ከዘጠኙ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መጠይቁ ከሌላ መጠይቅ ጋር ሲነጻጸር በደኅና ሁኔታ ተስማማ፤ በሰውነት ላይ ከሚታሰር የእንቅስቃሴ መቍጠሪያ ጋር ሲነጻጸር ግን ስምምነቱ ደካማ ወይም መጠነኛ ብቻ ሆነ። ቃል ከቃል ጋር ይስማማል፤ ቃል ከመሣሪያ ጋር ግን እንደዚያ አይደለም።

ለነፍሰ ጡሮች ብቻ የተዘጋጀው የታወቀ መጠይቅ በሊሳ ቻሳን ታበርና በባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ወጣ። ከ32ቱ እንቅስቃሴዎች 13ቱ የቤት ሥራንና ሰው መንከባከብን የሚመለከቱ በመሆናቸው፣ ቀደምት መጠይቆች የዘነጉትን የሴት ድካም በመቍጠር ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ዝርዝሩ የተወለደበትን አገር ይመስላል። ተቀምጠው በሚነዱት ማሽን ሣር ማጨድ በውስጡ አለ፤ እንስራ አዝሎ ዳገት መውጣት ግን የለም።

ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ዓለም ከተማ መመለስ ይገባል። ከተማዋ ከጀማ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ሆስፒታሏም «እናት» የሚል ስም የተሰጠው ነው። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ቃል ከውሎው የሚርቅባቸው ምክንያቶች ቢያንስ አራት ናቸው። አንደኛው «ሥራ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ የቤት ውስጥ ተግባርን ከሥራ እንደሚቈጥር በመግቢያው ቢያስረዳም፣ በገጠር አነጋገር ሥራ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የእርሻው ነው። ሁለተኛው የቀኑ ነገር ነው። «ባለፉት ሰባት ቀናት» የሚለው ጥያቄ ሚካኤልን በ12፣ ማርያምን በ21፣ መድኃኔ ዓለምን በ27 ከሚያከብር ገበሬ ዘንድ ሲደርስ፣ የዕርፍ ቀኑ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ በበዓሉ ቀን ሞፈር ቢሰቀልም ምጣድና እንስራ አይሰቀሉም። ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። ውሎውን በጥላና በቅዳሴ መውጫ የሚለካ ሰው ደቂቃ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው።

አራተኛው ደግሞ የአባትየው ነገር ነው። ልጅ የሚጠብቅ ባል «ገበሬ ነኝ» ሲል ዓመቱን በሙሉ ከባድ ሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ የእርሻ ድካም ግን በክረምትና በአጨዳ ይበረታል፣ በሌላው ጊዜ ይላላል። የሚስቱ ድካም ወቅት የለውም፤ የሚጠራበት ስም ብቻ የለውም። ስለዚህ በአንድ ጎጆ ውስጥ የባል ሥራ በዝቶ፣ የሚስት ሥራ አንሶ ሊጻፍ ይችላል።

መሣሪያው ይፍረድ ቢባልም ፍርዱ ሙሉ አይሆንም። በወገብ ላይ የሚታሰር መቍጠሪያ እርምጃን ይቈጥራል እንጂ በጀርባ ያለውን ሸክም፣ የዳገቱን ቁልቁለትና አቀበት ወይም በወፍጮ ድንጋይ ላይ የሚደክመውን ክንድ በሚገባ አያውቅም። በዚህ ረገድ እናትየዋ ካላት እውቀት ያነሰ ነው።

የተሻለው መንገድ ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በወቅቱ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ሰዎች ያለፈውን 24 ሰዓት በምን እንዳሳለፉት በቅደም ተከተል ተጠይቀዋል። የጤና ባለሙያም «ሥራ አለሽ ወይ?» በማለት ፋንታ «ትናንት ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽ ጀምሮ ምን ምን ሠራሽ? ውኃውን ማን ቀዳ? ምንጩ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሥራ ቀኑንና የበዓሉን ቀን ለይቶ ቢመዘግብ፣ ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቅ የተሻለ እውነት ያገኛል። ከ2020 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ይህ ምክር ለከተማዋ የቢሮ ሠራተኛ ተገቢ ሲሆን፣ ከጀማ አፋፍ ሸክም ይዛ ለምትወጣው እናት ግን ቀድሞ የሚያስፈልጋት ሸክሟን የሚካፈላት ሰው ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ጥያቄው እንደ ተጠያቂዋ ኑሮ ሲሆን ብቻ ነው።