ከመስተዋት ወደ ላሜራ፦ በቀለም የሚሠራ የፀሐይ ሴል ታሪክ

ዛሬ የማወሳላችሁ ስለ አንድ ቀጭን ላሜራ ነው፤ ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከፎቶግራፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1873 ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎግል የፎቶግራፍ ሰሌዳ ቀለም ሲጨመርበት ቀድሞ የማይመዘግበውን ብርሃን እንደሚመዘግብ አስተዋለ። በ1887 ጄምስ ሞዘር በቪየና፣ ቀለም ብርሃን የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ፍሰትም እንደሚያበረታ አሳየ። ነገር ግን በለስላሳ ገጽ ላይ የሚያርፈው ቀለም እጅግ ስስ ስለሆነ የሚይዘው ብርሃን ጥቂት ነበር። ይህን ቋጠሮ በ1991 የፈቱት በሎዛን ይሠሩ የነበሩት ብሪያን ኦሬጋንና ሚካኤል ግሬትዘል ናቸው፤ ገጹን በደቃቅ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣቶች እንደ ስፖንጅ ቀዳዳማ አደረጉት። የሴሉ ብቃትም ከ7 በመቶ በላይ ሆነ።

ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ ግን እስከ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋገር አለባቸው። ፕላስቲክ ይህን ሙቀት አይችልም፤ መስተዋት ይችላል፣ ግን ይሰበራል፣ አይጠቀለልም። ላሜራ ሙቀቱንም መጠቅለሉንም ይችላል። ይሁንና ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ ፀሐይ በተቃራኒው ኤሌክትሮድና በቡናማው የአዮዲን ፈሳሽ በኩል መግባት አለባት፤ ፈሳሹም ከብርሃኑ ድርሻውን ያስቀራል።

እኔም በማስተርስ ተማሪነቴ፣ የአገራችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነውና፣ «ለምን በቆርቆሮ ላይ አንሠራውም?» ብዬ ተነሣሁ። የቆርቆሮው የዚንክ ልባስ በ420 ዲግሪ ግድም ስለሚቀልጥ ሥራዬ እቶን ውስጥ ተበላሸ። ሳልጋግር ሞከርሁ፤ በማግሥቱ ቡናማው ፈሳሽ እንደ ውኃ ጠርቶ አገኘሁት። አዮዲኑ ዚንኩን በልቶ ቀለም አልባ ጨው ሆኖ ነበር። መምህሬ አይተው፣ «ይህንንም መዝግበው» አሉኝ።

ቲታኒየም ግን አዮዲንን ይቋቋማል። በ2006 ኢቶና ባልደረቦቹ በቲታኒየም ስስ ላሜራ ላይ 7.2 በመቶ ብቃት አገኙ። ሆኖም ቲታኒየም ከብረት እጅግ ይወደዳል። በዌልስ፣ ሾተን ላይ፣ ታታ ስቲልና የአውስትራሊያው ዳይሶል ሴሉን በጣሪያ ብረት ላይ በቀጥታ ለማተም ደከሙ፤ ምርቱ ግን ለሰፊው ገበያ አልበቃም። በዚያው ዘመን የሲሊከን ፓነል ዋጋ በፍጥነት ወርዶ ነበር።

ተማሪዎቼ ስለ ቆርቆሮ ሲጠይቁኝ «አይሆንም» አልላቸውም። 420ንና 450ን ሰሌዳው ላይ እጽፍና፣ ሙቀት የሚችል፣ አዮዲን የማይበላው፣ ዋጋውም የሚቀመስ ልባስ ፈልጉ እላቸዋለሁ።