ከጠፍር እስከ ቁልፍ፦ የአልጋ ራስጌ ታሪክ

በሀገራችን የቤት ዕቃ ታሪክ እንደ አልጋ ከፍ ያለ ትርጉም የተሰጠው ዕቃ እምብዛም አይገኝም። ቃሉ መኝታን ብቻ ሳይሆን ዙፋንንም ስለሚያመለክት፣ ዘውድ የሚጠብቀው ልዑል «አልጋ ወራሽ» ይባል ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ግን በጭቃ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ሲተኛ፣ የጠፍር አልጋ የባለጸጋ ምልክት ሆኖ ኖሯል።

የጠፍር አልጋ በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ የተራቀቀ ሥራ ነው። ጥሬ የበሬ ቆዳ በውሃ ርሶ ይተለተላል፤ ጠፍሩም በእንጨቱ ማዕቀፍ ላይ እየተጠላለፈ ይወጠራል። ቆዳው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ውጥረቱ በራሱ ይጠነክራል፤ የተኚውም ክብደት ለብዙ ጠፍሮች ይከፋፈላል። ይህን ዕውቀት የያዘው ቆዳ ሠሪ ግን «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ቢያስነግሩም፣ ንቀቱ ቶሎ አልጠፋም።

በአውሮፓም በ19ኛው ምዕተ ዓመት የወንበርና የሶፋ ሠሪዎች ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው ነበር። በጨርቁ ውስጥ የሚሞላው የፈረስ ፀጉር ተንሸራትቶ እንዳይከማች፣ ሙሊቱን በሲባጎ ወደ ኋላ ስበው በቁልፍ አሰሩት። ስለዚህ ዛሬ ጌጥ መስሎ የሚታየው ጎድጓዳ ከችግር የተወለደ መፍትሔ ነበር።

በልደታ ብዙዎቹ አሮጌ የጭቃ ቤቶች በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲተኩ፣ ከግድግዳው ጋር የተሠራው መደብም አብሮ ቀረ። አልጋው ከቀዝቃዛው የብሎኬት ግድግዳ ሲጠጋ ለስላሳ ራስጌ አስፈለገው፤ ይህም በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ኮምፔንሳቶ በአልጋው ስፋት ተቆርጦ በሰያፍ ረድፍ ይበሳል፤ ስፖንጅ ይለጠፍበታል። ጨርቁ በየጎድጓዳው ስለሚጠልቅ ከሳንቃው አስፍቶ መቁረጥ ግድ ነው። ከዚያም ከመካከል ተጀምሮ እያንዳንዱ ቁልፍ በረጅም መርፌና በሲባጎ ወደ ኋላ ተስቦ ይታሰራል፤ የጨርቁ ጠርዝ የሚመታው በመጨረሻ ነው። ስፖንጅ አንድ ወጥ ስለሆነ እንደ ፀጉር አይንሸራተትም፤ ቁልፉም በአብዛኛው ወደ ጌጥነት ተለውጧል።

ሲባጎ የሚስበው እጅና ጠፍር የወጠረው እጅ የተመሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ለስላሳውን ነገር በእንጨት ላይ ጸንቶ እንዲቆም የሚያደርገው ውጥረት ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው ሲመሰገን ሁለተኛው መሰደቡ ነው። ጠፍር ወጣሪዎች ጨርሰው ሳያልቁ አሠራራቸውን ለክቶና በንድፍ አስፍሮ ማኖር፣ ከዐዋጁ የቀረውን ዕዳ መክፈል ነው፤ ይህም ለሙያው ባለቤቶች የተተወ ሥራ ነው።